አፍ የሌለው ሐዲድ

ልጅ ሳለሁ ሐዲድ ይናገራል ብዬ አምን ነበር። ይህን የነገሩኝ ኦቦ ገለታ ናቸው፤ ኦቦ ገለታ ያሉትን ነገር ደግሞ ያኔ በመሐላም ቢሆን የሚያስተወኝ ሰው አልነበረም። እናቴ «ይቺ ልጅ የእኔን ቃል በአንድ ጆሮዋ፣ የእሳቸውን በሁለቱም ነው የምትሰማው» እያለች ታማርር ነበር፤ እውነቷን ነው።

ኦቦ ገለታ ከሰበታ ወጣ ብሎ፣ ከእኛ ማሳ አጠገብ ባለው የአባታቸው መሬት ላይ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በአሮጌው የጅቡቲ መስመር ላይ ነው። ሐዲድ ጠባቂ ነበሩ። ረጅም እጀታ ያለው መዶሻ ይዘው ሐዲዱን ተከትለው ሲሄዱ ይውላሉ፣ በየጥቂት እርምጃው ብረቱን መታ ያደርጋሉ፣ ጆሯቸውን አቁመው ያዳምጣሉ። ደህና ብረት ይጮኻል፤ የተሰነጠቀ ብረት ድምፁ እንደ ነቃ ማሰሮ ይታፈናል። ስንጥቅ የሰማ ጠባቂ ቀይ ፋኖስ ሰቅሎ ባቡሩን ያስቆማል። ያ መስመር ሥራ አቁሞ አረም ሲውጠው፣ ፉርጎዎቹ በቆሙበት ዝገው ሲቀሩ፣ እሳቸው መዶሻቸውንና ፋኖሳቸውን ይዘው ወደ ተወለዱበት ቀዬ ተመለሱ። ስለዚያ ሲያወሩ ስለ ሞተ ወንድም የሚያወሩ ይመስሉ ነበር።

ፋኖሱ በአንድ በኩል ቀይ፣ በሌላው በኩል አረንጓዴ መስታወት ነበረው። ከሥራ በወጣ በስንት ዓመቱ እኛን ልጆቹን ሊያገለግል በቃ። አመሻሹ ላይ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ጭሱ ከምድጃው ወጥቶ ጣሪያው ሥር ሲንሳፈፍ፣ ፍሙ አመድ እየለበሰ ሲሄድ፣ የሰፈሩ ልጆች ተጠጋግተን እንቀመጥና ኦቦ ገለታ ፋኖሱን ለኩሰው ቀዩን ፊቱን ወደ እኛ ያዞሩታል። ከዚያ «መስመሩ ነፃ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። «ነፃ ነው!» እንላለን በአንድ ድምፅ። ይህ ካልተባለ ተረት የለም። ሐዲድ ላይ ተኝቶ ባቡር ያስቆመውን ጅብ፣ ፉርጎ ውስጥ ተወልዶ ሀገሩ የት እንደሆነ ያጣውን ሰው፣ ድልድይ መሐል ባቡር የደረሰበትን ጓደኛቸውን፣ ሁሉንም የሰማነው በዚያ ቀይ ብርሃን ነው። ሲጨርሱ ፋኖሱን ያዞሩታል፤ አረንጓዴ ከሆነ ወደየቤታችን መሄድ ነው።

ከልጆቹ ሁሉ ለእኔ የምትቀርበው ምሕረት ነበረች። እናቷ ከወላይታ መጥታ ፋብሪካ የምትሠራ፣ ከአጎቴ ግቢ አንድ ክፍል ተከራይታ ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ነች። እሁድ እሁድ ልብስ ስታጥብ መዝሙሯ እኛ ቤት ድረስ ይሰማል። ምሕረት የሷ አንድ ልጅ ነች። ከዚያች ልጅ በቀር ሰበታ ውስጥ ዘመድ አልነበራትም።

እንግዲህ በዚያ ዘመን ከሰፈራችን በታች አዲስ ሐዲድ ተዘርግቶ ነበር። ሲሠራ ያየነው ግርግር ሌላ ነው፤ መኪናው፣ አቧራው፣ ቻይኖቹ። ከዚያ አንድ ቀን ካምፑ ተነቀለ፣ ሰዎቹ ሄዱ፣ ሐዲዱ ብቻውን ቀረ። ወር ጠበቅን፣ ክረምት አለፈ፣ ባቡር የለም። በጠጠሩ መሐል ሣር በቀለ። የሰፈሩ ሰው ላም ያስርበት ጀመር። አባቴ «ይኼም እንደ ታላቅ ወንድሙ ተረሳ» አለ። ለእኛ ግን ርስት ተሰጠን ማለት ነው። እኔና ምሕረት ከትምህርት ቤት መልስ ሐዲዱን ተከትለን እየሄድን ያልበረበርነው ነገር አልነበረም፤ የተጣለ ጓንት፣ ከጡጫ የሚበልጥ ብሎን፣ በማይነበብ ጽሑፍ የተሞላ ጣውላ።

ኦቦ ገለታ ግን አንድም ቀን ወርደው አላዩትም። ግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። «የእኔ ባቡር ሞቷል፤ የእንጀራ ልጁን ምን ላርገው» ይላሉ። አኩርፈው ነበር፤ ያኔ ግን ኩርፊያ መሆኑን አላወቅኩም። ሐዲዱ ላይ እንደምንሄድ ሲሰሙ አልተቆጡም። ይልቅ እንዲህ አሉኝ፤ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ሐዲድ ሁሉ አንድ ነው። ከመሄድሽ በፊት ጆሮሽን አስጠጊበት። ባቡር ካለ ሁለት ጣቢያ ቀርቶት ይነግርሻል። ዝም ካለ ሂጂ።»

ያን ቅዳሜ ወንዙ ላይ ያለው ድልድይ ደረስን። ከዚያ ወዲያ አልፈን አናውቅም። ማዶ አንዲት ሰማያዊ የቆርቆሮ ቤት ትታያለች፤ ውስጧ ምን እንዳለ ሳላይ መመለስ አልፈለግኩም። ምሕረት ግን ቆመች።

«ቦንቱ፣ እንመለስ። ከመጣስ?»

«ምኑ? ከተዘረጋ ጀምሮ መጥቶ ያውቃል?»

«አንድ ቀን ይመጣላ።»

ተንበርክኬ ጆሮዬን ብረቱ ላይ አስጠጋሁ። ቀዝቃዛ ነበር። ዝም ብሏል። ዞሬ ሌላኛውንም አዳመጥኩ፤ እሱም ዝም። «ስሚው ራስሽ» አልኳት። አዳመጠች። «ኦቦ ገለታ ዋሽተው ያውቃሉ?» ብዬ ጨመርኩ። ይህቺን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልረሳትም፤ ምሕረትን ድልድዩ ላይ ያስገባኋት በሷ ነው።

መሐሉ ላይ ደርሰናል። ነፋስ ነበር፣ ውኃው ከታች ይጮኻል። ምሕረት ለምን ወደ ኋላ እንደዞረች አላውቅም። እጄን ያዘችኝ። ዞርኩ። ከመታጠፊያው በኩል አንድ ቢጫ ነገር እየመጣ ነበር፤ ከእነ ሰዎቹ፣ ከእነ መብራቱ፣ ያለ ምንም ድምፅ። የሐዲድ መፈተሻ መኪና እንደነበር ኋላ ነው የሰማነው። ያኔ ያየሁት ባቡር ነው። ወዲያው ጥሩምባው ጮኸ።

ምሕረት ወደ ፊት ልትሮጥ ተነሣች። የድልድዩ ጫፍ ሩቅ ነው። በዚያች ቅጽበት ምኑ እንዳስታወሰኝ እንጃ፣ ድልድይ መሐል ባቡር የደረሰበት የኦቦ ገለታ ጓደኛ ትዝ አለኝ። ያ ሰው አልሮጠም። «ከባቡር ጋር ተሽቀዳድሞ ያመለጠ የለም፤ ወደ ጎን ነው መሸሽ፣ ብረት ይዞ ፊትን ወደ ወንዙ ማዞር ነው» ብለውን ነበር። ሹራቧን ከኋላ ያዝኩ። ታገለችኝ። ጎተትኳት። በድልድዩ ዳር ሰው በጠባቡ የሚሄድባት ቦታና የብረት አጥር አለ፤ እዚያ ላይ ጣልኳትና ላይዋ ተኛሁ፣ አጥሩን በሁለት እጄ ጨበጥኩ።

አለፈ። ነፋሱ ቀሚሴን ገለበጠው፣ የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ፣ ብረቱ በእጆቼ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ማዶ ሄዶ ቆመና አንድ ሰው ወርዶ ጮኸብን። ሳይደርስብን በመጣንበት ሮጥን። የምሕረት አንድ ጫማ ወንዝ ገብቷል። እስከ ሰፈር ድረስ እኔ እያለቀስኩ ነበር፣ እሷ ግን አላለቀሰችም፣ ያ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ።

ኦቦ ገለታ ደጃቸው ላይ አጥር ሲያጥሩ አገኘናቸው። ነገርኳቸው። እስክጨርስ አላቋረጡኝም። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ሐዲዱ አልተናገረም?»

«አልተናገረም።»

«ዱጋ? እውነቱን ንገሪኝ፣ ሳታዳምጪ ነው የገባሽው?»

«ሁለቱንም ነው ያዳመጥኩት። እሷም አዳምጣለች።»

የያዙትን እንጨት አስቀመጡት። ያን ማታ ፋኖሱ አልበራም።

በማግሥቱ የሥራ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ መዶሻውን ይዘው መጡና «ውሰጂኝ» አሉኝ። ምሕረትም ተከተለችን። ሐዲዱ ጋ ስንደርስ ኦቦ ገለታ የሰው ቤት እንደሚገባ ሰው ቆም አሉ። ከዚያ መዶሻውን አንሥተው መቱ። ድምፁ አጭር ነበር፣ ወዲያው ሞተ። ጥቂት ሄደው ደገሙት። ከዚያ መታ ማድረጉን ትተው ዝም ብለው እየተመለከቱ ረጅም ሄዱ፤ የብረቱን መጋጠሚያ እየፈለጉ ነበር። በእሳቸው መስመር በየጥቂቱ ክፍተት አለ፤ ጎማው እዚያ ሲደርስ ያንኳኳል፣ ያ ነው ከሩቅ የሚሰማው። እዚህ ክፍተት የለም፤ ብረቱ ሁሉ በብየዳ አንድ ሆኗል። ተንበረከኩና ጣታቸውን ከሐዲዱ ሥር አስገቡ። ብረቱ የተቀመጠው ላስቲክ ላይ ነው።

«ይኼ ሐዲድ አፍ የለውም» አሉ። ቀስ ብለው ነው ያሉት። «ድምፁን እዚሁ ይውጠዋል።»

እዚያው ጠጠሩ ላይ ተቀመጡ። ሽማግሌ ሰው ሲያፍር ያን ቀን አየሁ፤ ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁ። ቆይተው ከጠጠሩ መሐል ትልቁን ድንጋይ መርጠው ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱ። ምን ሊያደርጉበት እንደሆነ ገባኝ። በእኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ በጫንቃው አድርጎ ተበዳዩ ፊት ያጎነብሳል፤ ድንጋዩን የሚያወርድለት ተበዳዩ ነው።

«ኦቦ ገለታ፣ እናቷ አታውቅም እኮ» አልኩ። «ጫማዋን ጭቃ ዋጠው ብላ ነው የነገረቻት። እባክዎ አይንገሩ። ካወቀች ሁለተኛ እርስዎ ቤት አትልካትም። እኛም እንመታለን።»

«ትመታላችሁ» አሉ። «ሐዲድ ጠባቂ ስንጥቅ አይቶ ዝም ካለ፣ ባቡሩን የጣለው እሱ ነው።»

የምሕረት እናት ልብስ እያሰጣች ነበር። ኦቦ ገለታ በሩ ጋ ሲደርሱ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ ድንጋዩን ማጅራታቸው ላይ አደረጉና ጎንበስ አሉ። ሴትዮዋ ደንግጣ እጇን በቀሚሷ ጠራረገች።

«ውይ አባባ፣ ምን ሆነው ነው? ኧረ ቀና ይበሉ።»

«መጀመሪያ ስሚኝ፣ ልጄ። አንድ ልጅሽን ላስገድልብሽ ነበር። ያላየሁትን ሐዲድ እንዳየሁት አድርጌ ነገርኳቸው። አኩርፌ ነው ያላየሁት። እነሱ አመኑኝ።»

ከዚያ ሁሉንም ተናገሩ፤ ድልድዩን፣ ቢጫውን መኪና፣ ጫማውን። እሷ ምሕረትን አየቻት። ምሕረት መሬት መሬት አየች። እናቷ ወደ ቤት ገባችና አንዷን ጫማ ይዛ ወጣች። ይዛት ቆመች። ኦቦ ገለታ እንዳጎነበሱ ናቸው፤ እሷ ግን ድንጋዩን አላወረደችም። አውርጂላቸው ብዬ በልቤ ለመንኳት። በመጨረሻ ቀረበችና በሁለት እጇ አነሣችው።

«ያወረድኩት ሽማግሌ ስለሆኑ ነው» አለች። «ይቅር ማለቱ ገና አልሆነልኝም። ልጄ ከእንግዲህ እርስዎ ቤት አትመጣም።»

«ልክ ነሽ» አሉ ኦቦ ገለታ። ኮፍያቸውን አድርገው ሄዱ። ድንጋዩ እሷው ጋ ቀረ።

ያኔ የተመታሁት ዱላ ቀላል ነበር፤ የከበደኝ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። እኔ ማታ ማታ እሄዳለሁ፤ እናቴ አልከለከለችኝም። ግን ከእኔ ጎን ያለው ቦታ ባዶ ነው። ኦቦ ገለታም ተረቱን አሳጠሩት፤ መሐል ላይ ያቆሙና «ይኼን እንኳ በትክክል አላስታውሰውም» ይላሉ። ድሮ እንዲህ ብለው አያውቁም። እኔ ተናደድኩባቸው፣ እውነቱን ልናገር። ዋሽተውም ቢሆን የድሮው ሰው እንዲመለሱልኝ ነበር የምፈልገው።

ባቡሩ መመላለስ በጀመረ ሰሞን፣ አንድ አመሻሽ ላይ የኦቦ ገለታ በር ተንኳኳ። የምሕረት እናት ነች። ከፋብሪካ እንደወጣች፣ ሥራ ልብሷን እንኳ አልቀየረችም፤ በአንድ እጇ ምሕረትን፣ በሌላው ፌስታል ይዛለች። ከፌስታሉ ድንጋዩን አወጣችና ምድጃው ዳር አስቀመጠችው።

«ከብዶኛል» አለች። «ይናገሩ እስቲ፣ እኔም ልስማ።»

ኦቦ ገለታ ፋኖሱን አነሡ፤ ክብሪቱን የጫርኩላቸው እኔ ነኝ። ቀዩን ፊት አዞሩት። «መስመሩ ነፃ ነው?» አሉ። ሁላችንም የምሕረትን እናት እናይ ነበር። ምሕረት ወደ እናቷ ጆሮ ተጠግታ አንሾካሾከች።

«ነፃ ነው» አለች እናቷ።

ያን ማታ የነገሩን ስለ ጅብ አልነበረም። «ይኼን በዓይኔ አላየሁትም፤ ልጆች ናቸው የነገሩኝ» ብለው ጀመሩና የእኛኑ ታሪክ፣ ድልድዩን፣ አፍ የሌለውን ሐዲድ፣ ያኮረፈውን ሽማግሌ ሳይቀንሱ ነገሩን።

ኦቦ ገለታ ካረፉ ቆዩ። ዛሬ ባቡሩ ወደኛው ጫፍ እምብዛም አይመጣም፤ ሣሩም ተመልሶ በቅሏል። አንዳንዴ ከምሕረት ጋር በዚያ በኩል ስናልፍ ሐዲዱን ከመሻገራችን በፊት ሁለታችንም ግራ ቀኝ እናያለን፣ ጆሮ የሚያስጠጋ የለም። ከተረቶቹ ብዙዎቹ ጠፍተውብኛል፤ የጅቡን መጨረሻ እንኳ ከሌላ ጋር አምታታዋለሁ። የሁሉን ነገር መልስ ለሚያውቅ ሰውም ጆሮ መስጠት ካቆምኩ ቆየሁ። አንድ ሰው ግን «በዓይኔ አላየሁትም» ብሎ ሲጀምር፣ ሥራዬን አስቀምጬ እስከ መጨረሻው እሰማዋለሁ።