በመስመር የተነጨ ጉንጭ

ታላቅ ወንድሜ በሞተበት ቀን እህቴን ያቭኔ የወሰድኳት እኔ ነኝ። እሷ የሁላችንም ታላቅ ናት፤ እዚህ እስራኤል፣ ገዴራ ከተማ ብቻዋን ትኖራለች። ክብደት ቀንሳ የጉንጯና የአገጯ ቆዳ ላልቶባት ነበር፤ የአክስታችን ልጅ ሰርግ ደግሞ ደርሷል። ያቭኔ ውስጥ፣ ጥፍር ከሚቀቡበት ሱቅ ጀርባ፣ የላላ ቆዳ የሚወጥር ማሽን አለ ተባለ። ወሬውን ያመጣችው አክስቴ ናት።

እኔ ከመጋረጃው ውጭ ተቀምጬ ጠበቅኋት። ማሽኑን የያዘችው ልጅ ነጭ ጋዋን ለብሳለች። ሐኪም አልነበረችም፤ ቅድም ጥፍር ስትቀባ አይቻታለሁ።

"ያቃጥላል!" አለች እህቴ ከውስጥ።

"ካቃጠለ እየሠራ ነው" አለቻት ልጅቷ።

እህቴ ስትወጣ በሁለቱም ጉንጮቿ ላይ ቀያይ ምልክቶች በመደዳ ተሰልፈው ነበር።

"እንዴት ነኝ?"

"ቤሰደር" አልኳት። ዕብራይስጥ ነው፣ ደህና ማለት። ሌላ ምን ልበል?

"ለማንም እንዳትናገር። በተለይ ለእሱ። እስከ ሰርጉ ድረስ መሳቂያ ያደርገኛል።"

እሱ ያለችው ታላቅ ወንድሜን ነው። በሰው ሁሉ ይቀልድ ነበር። ቤኤር ቱቪያ አካባቢ፣ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር። በዚያው ምሽት ከሥራ ሲወጣ ልቡ ቆመ። ይህን ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ጽፌ ሰርዣለሁ። ከዚህ በላይ አይረዝምልኝም።

በእኛ ልማድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌዎች ሄደው፣ ጎህ ሲቀድ፣ በር አንኳኩተው ይነግራሉ። ከቂርያት ማላኪ ገዴራ ድረስ ይዣቸው ሄድኩና ከኋላቸው ቆምኩ። እህቴ በሩን ከፈተች። ፊቷ አብጧል። ምልክቶቹ ውሃ ቋጥረዋል፤ አንዳንዱም ፈንድቷል። ዓይኗ በእብጠቱ ተደፍኗል ማለት ይቻላል።

ሽማግሌዎቹ ደነገጡ። እኛ በመጣንበት በጎንደር፣ ወንድም የሞተባት ሴት ፊቷን በጥፍሯ ትነጭ ነበር።

"ማነው ቀድሞን የነገራት?" አሉ አንደኛው፣ ወደ እኔ ዞረው።

"እኔ አይደለሁም!"

እህቴ ደግሞ ሌላ ነገር መሰላት። "ነገርካቸው?" ብላ አፈጠጠችብኝ። "ለዚህች ለዚህች ሽማግሌ ይላካል? የገዛ ፊቴ አይደለም እንዴ!"

ከዚያ ነጠላቸውን እንዴት እንዳዘቀዘቁ አየች። ጩኸቷን አልጽፈውም።

ቂርያት ማላኪ፣ ከእናታችን ሕንፃ ፊት ለፊት፣ ድንኳን ተተክሎ ነበር። አሮጊቶቹ እህቴን ሲያዩ ደረታቸውን መቱ።

"ማልቀስ እንዲህ ነው እንጂ!" አሉ የእናቴ ጎረቤት፣ ትልቋ አልቃሽ። "የዛሬ ልጆች እንባቸውን በሶፍት ይጠርጋሉ። እኔ እንኳ ለባሌ እንዲህ አልነጨሁም።"

"ግን እንዴት ቀጥ ብሎ በመስመር ሆነላት?" አለች ሌላዋ።

"የተማረች ናት እኮ!"

እህቴ አፏን ከፈተች። እውነቱን ልትናገር ነበር። እናታችን ግን እጇን ይዛ "ልጄ፣ ወንድምሽን አከበርሽልኝ" አለቻት። እህቴ አፏን ዘጋች።

ከዚያ በኋላ ማንም አሮጊት ሲገባ መጀመሪያ እሷን ነው የሚያሳዩት። ቁስሉ ግን መግል ያዘ። ሐኪም ቤት እንሂድ ብዬ ለመንኳት።

"ሐኪም ካየኝ ይታወቃል። እማዬ ሌላ ምን መጽናኛ ቀራት?" አለችኝ። የቤቱ መስታወት ሁሉ እንደ ሐዘን ቤት ወግ በአንሶላ ተሸፍኗል፤ እሷም ስልኳን አውጥታ ፊቷን ለማየት አልደፈረችም። ጧት ጧት እኔን ትጠይቀኛለች። "እንዴት ነው?" "ቤሰደር።"

ሰባቱ የሐዘን ቀን ሳይሞላ አክስቴ ከጋን ያቭኔ መጣች። እህቴ አጠገብ ተቀመጠችና ሹክ አለቻት፤ አክስቴ ሹክ ስትል ድንኳኑ ሁሉ ይሰማል።

"አይዞሽ እታለም። ሐዘኑ ሲወጣ ያ ማሽን ይህን ሁሉ ጠባሳ ለጥ ያደርግልሻል። እኔ ነገ ጧት ቀጠሮ አለኝ። ሰርጉን አራዘምነው፤ ቀጠሮው ግን አይራዘምም አሉኝ። ላንቺም ልያዝልሽ?"

እህቴ እናታችንን አየች። ከዚያ የአክስቴን ጉንጭ አየች። ለስላሳ ነው፣ ትንሽ የወረደ፣ ምንም ያልሆነ ጉንጭ።

"አትሄጂም!" ብላ ተነሣች። ልቅሶው ቆመ። "ፊቴን አልነጨሁም። ማሽኑ ነው ያቃጠለኝ። ለሰርግ ላምር ብዬ።"



"እኔስ ብያለሁ" አሉ አንድ ሽማግሌ። "ጥፍር መስመር አያውቅም።"

እህቴ ቆማ ታለቅሳለች። እንባው ጉንጯ ላይ ሲደርስ ፊቷ ይኮማተራል። እናቴ ይህን አየች።

"እንባው ያቃጥልሻል?"

"በጣም።"

"ያን ሁሉ ቀን ስታለቅሺ?"

"አዎ።"

እናቴ ልታለቅስ ነው ስል ሳቀች። "ይህን ሳይሰማ ሞተ!" አለች። "ወይኔ ልጄን! ይህን ሳይሰማ!" ስትስቅ ልቅሶው መጣባት፤ ሁለቱን መለየት አልቻልኩም። አክስቴ ሁለቱንም ጉንጮቿን በእጆቿ ሸፍናለች።

ትልቋ አልቃሽ እህቴን ክንዷን ያዟት። እኔ ሊቆጡ ነው ብዬ ነበር።

"በይ ያላ፣ ሐኪም ቤት ሂጂ። እስኪሽርልሽ እንባሽን ያዢው። ያንቺን ድርሻ እኛ እናለቅስልሻለን።"

መኪና ውስጥ እህቴ ከፊቷ ያለውን የፀሐይ መከለያ አወረደች። መስታወት አለው፤ አልተሸፈነም። ረጅም ጊዜ ፊቷን አየች።

"ይሄ ነው ቤሰደር?" አለችኝ።

ከኋላችን አሮጊቶቹ ድርሻዋን ጀምረውላት ነበር። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ መኪናውን ቀስ ብዬ ነዳሁት።