ያቀለልኩት ጠመንጃ

ደብረ ታቦር ውስጥ የእንጨት ሥራ ሱቅ አለኝ። በር፣ አልጋ፣ ቁም ሣጥን እሠራለሁ። ድሮ የጠመንጃ ሰደፍም እሠራ ነበር፤ አሁን ትቻለሁ። ሰው ለምን ተውክ ሲለኝ «ጥሩ እንጨት ጠፋ» እላለሁ። ውሸቴን ነው። እንጨትማ ሞልቷል።

እናቴ ከሞተች በኋላ ያሳደጉኝ ወንድሟ ናቸው፤ ከገሳይ ከተማ ወጣ ብለው ይኖሩ ነበር። አጎቴ በጎልማሳነታቸው ድኩላ ያደኑበት፣ ሲሸመግሉ ደግሞ ድንች የሚቆፍር ከርከሮ የሚያባርሩበት ጠመንጃ ነበራቸው። ጥይቱ ጣት ያህላል። አንድ ቅዳሜ ለገበያ መጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አጋደሙት።

«ከበደኝ እኮ ልጄ። ተሸክሜው ቤተ ስኪያን እስክደርስ ቅዳሴው ይጋመሳል። እስቲ ቀንስልኝ።»

«ቤት ቢተዉትስ?» አልኳቸው።

«ባዶ ትከሻዬን ለሰው ላሳይልህ?» ብለው ተቆጡ።

እኛ ዘንድ ጠመንጃ ከሚተኮስበት ቀን ትከሻ ላይ የሚውልበት ቀን ይበዛል። ስለዚህ እኔም ያሰብኩት ለመሸከሙ ብቻ ነበር። ሰደፉን ከውስጥ ፈለፈልኩት፤ ጎንና ጎኑን ላግሁት፤ ከግርጌው ያለውን ብረትም ነቅዬ ጣልኩ። ከዚያ እንዳገሬ ወንድ ማጅራቴ ላይ አጋድሜ፣ ሁለት እጆቼን በላዩ አንጠልጥዬ ሱቁን ዞርኩ። ወዲያም ወዲህም አላጋደለም። በእጄ ሥራ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

የሱቅ ጎረቤቴ፣ ብረት የሚሠሩት ሙስሊም አዛውንት፣ ብድግ አድርገው መዘኑትና ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ክብደቱ እኮ ነው ምቱን የሚውጥለት። ይኼ አሁን ሲተኮስ ማንን ሊገፋ ነው?»

«ኧረ ሽማግሌ ምን ይተኩሳል ብለው ነው!» አልኩ፤ እሳቸውም ሽማግሌ መሆናቸውን ረስቼ። ጠመንጃውን አስቀምጠው ወጡ። እኔም ሥራዬን ማበላሸት ስላልፈለግኩ ብረቱን አልመለስኩም።

አጎቴ ሲረከቡኝ እንደ ልጅ ፈነደቁ። ግንባሬን ስመው መረቁኝ።

መስከረም ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከርከሮ ድንቻቸው ውስጥ ገባ። እንደ ወትሮው ሰደፉን ትከሻቸው ላይ ደግፈው ተኮሱ። ጠመንጃው እንደ ክፉ በቅሎ ረገጣቸው። ከርከሮው አመለጠ፤ የአጎቴ ቀኝ ትከሻ ተሰበረ።

ወጌሻ አሸው፣ አሰረው። አጥንቱ ገጠመ፤ ክንዳቸው ግን ከደረታቸው በላይ አልወጣ አለ። ወንዛዬ ፍል ውሃ ይዣቸው ወረድኩ። ውሃው ውስጥ ተቀምጠው ትከሻቸውን እያሹ፣

«አይዞህ፣ አትዘን። ጥፋቱ የኔ ነው፤ አያያዙን ረስቼ ነው» አሉኝ።

ያን ጊዜ ነበር መናገር። ጎረቤቴ አስጠንቅቀውኝ ነበር፣ ኩራቴ ነው የሰበረዎት ማለት ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩና «ውሃው አልፈጀዎትም?» አልኩ። ያቺን ቀን ባስታወስኩ ቁጥር በራሴ አፍራለሁ።

ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን የሚመጡት ያለ ጠመንጃ ነበር። ሲያማትቡ በግራ እጃቸው የቀኝ ክርናቸውን ደግፈው ወደ ግንባራቸው ያነሱት ነበር። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ዓይኔን መሬት ላይ እተክል ነበር። «ምከረው፣ ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይባላል። የእኔ መከራ ግን ያረፈው በሳቸው ትከሻ ላይ ነው።

በዓመቱ አረፉ። ሳልነግራቸው።

እንደ ወጉ ጠመንጃቸው ለቅሶው ላይ ወጣ፤ የያዝኩትም እኔ ነበርኩ። ማጅራቴ ላይ አጋድሜ ከአልቃሹ ጋር ስዞር፣ ዕንባዬን ያዩ አንድ የአጎቴ እኩያ ቀረብ አሉኝ።

«ደከመህ ልጄ፤ እሱ ጠመንጃ ከባድ ነው፣ አውቀዋለሁ። አምጣ ልቀበልህ።»

«አይከብድም» አልኳቸው። እውነቴን ነበር።