ለእንግዳ የጸዳው ጨፌ

ማክሰኞ ንጋት፣ ለገሃር

ትኬቱ ባቡሩ በአሥራ ሁለት ሰዓት ይነሳል ይላል፤ ባቡሩ ግን ትኬቱን አላነበበም። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እየተንገጫገጨ ተነሳ። ከጎኔ ሙሴ ሉክ ተቀምጧል። ድሬዳዋ ፈረንጁ ሁሉ ሙሴ ነው፤ የድሬ ልጅ ስለሆንኩ ሌላ መጠሪያ አይመጣልኝም። የውጭ እርዳታ ድርጅት መርማሪ ነው። ቦርሳው ላይ እስከ ጉልበት የሚደርስ የጎማ ቦቲ አስሯል፤ ረግረጋችን ውስጥ ሊገባበት።

ረግረጉን ሰፈሩ ጨፌ ይለዋል። ከድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ዳር ያለ፣ ቄጠማና እንቁራሪት የሞላበት እርጥብ መስክ ነው። ዓመት በዓመት የፈረሰ ቤት ድንጋይና የጡብ ስባሪ እየተደፋበት ግማሹ ተቀብሯል። እሱ በጠበበ ቁጥር የሰፈሩ የጉድጓድ ውሃም ወደ ታች ሸሸ። የአዴ መርየም ጉድጓድ ደግሞ ከሁሉም ባሰ። አዴ መርየም የናቴ ጎረቤት ናት፤ ሰላጣ እያበቀለች ትሸጣለች፣ እኔም በጉድጓዷ ውሃ ነው ያደግሁት። ባለፈው ዓመት "ጉድጓዴ ከደረቀ ሰላጣውም እኔም አለቀልን" ብላ ላከችብኝ።

የከተማውን የእርዳታ ማመልከቻ አዲስ አበባ ካለው መሥሪያ ቤቴ ሆኜ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፍርስራሹን በመኪና ማንሳት፣ ጨፌውን ወደ ጥንቱ ስፋት መመለስ፤ የሦስት ዓመት ዕቅድ። ሙሴ አይቶ እሺ ካለ ገንዘቡ ይለቀቃል። እምቢ ካለ የአዴ መርየም ጉድጓድ አበቃለት።

ለቀበሌውም ቴሌግራም ልኬያለሁ። የሚከፈለው በቃል ስለሆነ አሳጠርኩት፦ "ጨፌውን እንግዳ ያያል። ተዘጋጁ።" እጥር ምጥን ያለ አማርኛ ነው ብዬ ኮርቼበታለሁ።

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ፣ ከአዋሽ ወዲያ

ሜዳ መሐል ቆመናል። ትኬት ተቆጣጣሪውን ጠየቅሁት።

"ምን ሆኖ ነው የቆመው?"

"ደክሞት።"

"መቼ ይነሳል?"

"ሲያርፍ ነዋ!"

ተረጎምኩለት፤ ሙሴ በደብተሩ ጻፈው። ሚኤሶ ላይ የግመል ወተት ጠጣ። ኤረር ላይ ብርቱካን በመስኮት ገዝተን እጃችን እስከ ክርናችን ተጣበቀ። ሁርሶ ላይ ምልምል ወታደሮች ወረዱና መቀመጫ ሰፋልን። ድሬዳዋ ስንገባ ጀምበር እያዘቀዘቀች ነበር፤ ሙቀቱ ግን ገና ሥራ አልፈታም።

ጣቢያው ላይ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ታደሰ ደረቱን ነፍቶ ጠበቀን።

"ተዘጋጅተናል!"

"እንዴት አድርጋችሁ?"

"ነገ ታየዋለህ።"

ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ሞኝ ነኝ።

ረቡዕ ጠዋት፣ ጨፌው ዘንድ

መጀመሪያ የታየን በዘንባባ ያጌጠ ቅስት ነው። ከላዩ ቀይ ጨርቅ፦ "ጨፌያችንን በሕዝባዊ ትግል እናለማለን!" ከሥሩ ግራና ቀኝ ሕዝብ። ሕዝቡ ወዲያው ማጨብጨብ ጀመረ፤ ለምን እንደሚያጨበጭብ ግን የነገረው የለም።

ሙሴ ቦቲውን አጥልቆ በቅስቱ አለፈ። ክው አልኩ። ጨፌ የለም! ቄጠማው ታጭዷል፣ መሬቱ ተደልድሏል፣ ዳር ዳሩን በኖራ የተቀቡ ድንጋዮች ተሰድረዋል። መሐሉን አንድ ቦይ ሰንጥቆት ወደ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ይወርዳል። ሙሴ በቦቲው ደረቅ መሬት ላይ ቋ፣ ቋ እያደረገ ሄደ።

"ረግረጉ የት ነው?" አለኝ።

"የቆምክበት ነው" አልኩት። ሌላ ምን ልበል?

ጓድ ታደሰ ጆሮዬ ሥር መጣ። "አራት ቀን ዘመቻ! ፍርስራሹን አንድም ሳናስቀር በቃሬዛ አወጣን። ጭቃውንም አደረቅን። ተርጉምለት እንጂ!"

አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባላል። የኛ ቀበሌ ደግሞ ጨፌ አጠበ።

ያን ጊዜ አዴ መርየም ባልዲ አንጠልጥላ ሕዝቡን ሰንጥቃ መጣች። ባልዲውን ሙሴ እግር ሥር ገለበጠችው። የወጣው የጉድጓዷ እርጥብ አሸዋ ነው።

"ዋሪያ!" አለችኝ። በድሬ አንቱ የለም፣ አንተና አንቺ ብቻ ነው፤ እሷ ደግሞ ስትቆጣ አንተም አትልም። "ይሄ ሙሴ ምን ሊያይ መጣ?"

"ጨፌውን፣ አዴ።"

"ሰርቀውታል በለው! 'አቦ፣ ቦዩን ተዉት፣ ውሃዬን ይዞ ይሄዳል' ብዬ ጮህኩ። ታደሰ 'የእንግዳው ጫማ ይቆሽሻል' አለኝ። ወላሂ፣ ይኸው እንግዳው ቦቲ አምጥቷል!"

"መመሪያ ነው የደረሰን" አለ ጓድ ታደሰ ቴሌግራሙን ከኪሱ አውጥቶ። "ተዘጋጁ ይላል። እንግዳ ሲመጣ ከማጽዳት ሌላ ምን መዘጋጀት አለ?"

ዓይን ሁሉ እኔ ላይ አረፈ። እውነቱን ነው፤ በዚህ ዘመን እንግዳ ይመጣል ከተባለ የማይታጠብና ኖራ የማይቀባ ነገር የለም። ጥፋቱ የኔ ነው። ከሰው ሁሉ በላይ አዴ መርየምን አፈርኳት፤ ጉድጓዷን ላድን ብዬ በሁለት መስመር አደረቅሁባት።

"እኔ ነኝ የጻፍኩት" አልኳት።

"እንግዲያው ና ድፈነው" አለች። ጎንበስ ብላ አንድ ባለኖራ ድንጋይ አንስታ ቦዩ አፍ ላይ ጣለች።

ሁለተኛውን እኔ ጣልኩ። ሦስተኛውን ሙሴ። ከዚያ ለማጨብጨብ የመጣው እጅ ሁሉ ሥራ አገኘ። ድንጋዩ ገባ፣ ጭቃው ገባ፣ ዘንባባው ገባ። ውሃው አሁንም በስንጥቁ እየሾለከ አስቸገረ። አዴ መርየም ቀና ብላ ቀዩን ጨርቅ አየችው።

"እሱ ይይዘዋል።"

"መፈክሩንማ አይሆንም!" አለ ጓድ ታደሰ። ሰው ሁሉ ወደሱ ዞረ። ጓድ ታደሰ ግራ ቀኙን አየ፣ ቦዩን አየ፣ የአዴ መርየምን ባልዲ አየ። በመጨረሻ ራሱ መሰላሉ ላይ ወጥቶ አወረደውና በለሆሳስ "ጽሑፉ ወደ ውስጥ ይሁን" አለ።

ሐሙስ ጠዋት፣ እዚያው

የጨፌው ምንጭ ሥር ሥሩን አልሞተም ነበር። ውሃው የሙሴን ቦቲ አጋማሽ ደረሰ። ፍርስራሹ ስለተነሳ ጨፌው እኔ ከማውቀው ሰፍቶ ተኛ። አንዲት እንቁራሪት ከየት እንደመጣች እንጃ፣ ባለኖራ ድንጋይ ላይ ወጥታ ትጮሃለች።

አዴ መርየም ባልዲዋን ወደ ጉድጓዱ ለቀቀችው። ገመዱ ወረደ፣ ወረደ፤ ከዚያ ቧ! አለ። ውሃ ነው። እንባዬ መጣ፤ ላቤን የጠረግሁ መሰልኩ። እሷ ግን አይታኛለች።

"አቦ፣ አታልቅስብኝ፣ ጨው ይሆናል" አለች።

ዓርብ፣ መልስ ጉዞ

በጠዋት ድሬን ለቀን ወጣን። ከፊታችን የተቀመጡት ነጋዴዎች ፊናንስ ፖሊስ እንዳይነጥቃቸው የኮንትሮባንዱን ቀሚስ ደራርበው ለብሰውታል። ሙሴ፣ ድሬዳዋ ሰው ቶሎ የሚወፍርባት ከተማ ናት ብሎ ጻፈ። አላረምኩትም።

አዋሽ ላይ ደብተሩን ዘጋ። "ፍርስራሽ ማንሳት፣ ሦስት ዓመት ብለሃል። በአራት ቀን ተነስቷል። ውሃውን መመለስ ብለሃል። በአንድ ቀን ተመልሷል። ገንዘቡን ለምን ልስጥህ?"

"ቄጠማው ታጭዷል እኮ!"

"ቄጠማ በነጻ ይበቅላል።"

ተከራከርኩት፤ አልረታሁትም። አለቃዬ ምን እንደሚለኝ እያሰብኩ አዴ መርየም ለመንገድ የሞላችልኝን ጠርሙስ ከፍቼ ጠጣሁ። ትንሽ ጨው ጨው ይላል፤ ድሮም እንዲሁ ነበር። ጥሜ ቆረጠ፣ ንዴቴም አብሮ በረደ።

አዲስ አበባ እንደገባሁ ሻንጣዬን ይዤ በቀጥታ ቴሌ ሄድኩ። በዚህኛው ላይ ቃል አልቆጠብኩም፦

"ገንዘቡ አልተፈቀደም። ውሃው ግን አለ። ቦዩን አትክፈቱ፣ ቄጠማውን አትጨዱ፣ እንቁራሪቷን አትንኩ። ከእንግዲህ ማንም ይምጣ ማን፣ እባካችሁ አትዘጋጁ።"