የንጹሑ በረት አሳማዎች

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ነግሬያቸዋለሁ። ይሄኛውን ለመናገር ግን መጀመሪያ ከአሳማ ጋር መዋሌን መናገር ነበረብኝ፤ እሱን ስሸሽ ዋናውንም ዋጥኩት። አሁን ለማላውቃችሁ ለእናንተ እናገራለሁ።

ከጎጃም ወላይታ ሶዶ የመጣሁት ለሁለተኛ ዲግሪ ነው። ጥናቴ በአሳማ ወስፋት ላይ ሆነ። ጥያቄው፣ ወስፋት ቀደም ብሎ ጥቂት በጥቂት የገባበት አሳማ፣ በኋላ ብዙ ቢመጣበት ሰውነቱ ይከላከለዋል ወይ የሚል ነበር። ሁለት በረት ነበረን። የአንደኛው በረት አሳማዎች የወስፋት እንቁላል በየጊዜው ከመኖ ጋር ይሰጣቸዋል። የሁለተኛው ወስፋት የሚባል ሳይደርስባቸው ይቆያሉ፤ ንጹሑ በረት እንለው ነበር። መጨረሻ ላይ ለሁሉም እኩል ብዙ እንቁላል ሰጥተን፣ አርደን፣ አንጀታቸውን ከፍተን ልናነጻጽር ነው።

ለአከራዬ የማጠናው ላም ነው ብያታለሁ። አሳማ ብላት የውሃ መጠጫዋን እንኳ የምታስነካኝ አልመሰለኝም። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ታጥቤ፣ ልብሴን ቀይሬ ነበር ቤት የምገባው። ጓደኛ አላበጀሁም። ጓደኛ የት ዋልሽ ይላል።

አብረውኝ የሚውሉት የአሳማዎቹ ጠባቂ አቶ ዳና ብቻ ነበሩ፤ የሁምቦ ሰው፣ በአባቴ ዕድሜ ያሉ። ሌሎቹ ሠራተኞች ምሳ ሲበሉ ከእሳቸው ራቅ ብለው ይቀመጣሉ። እኔና እሳቸው ከበረቱ ጀርባ የተቀቀለ ጎደሬ በሚያቃጥል የበርበሬ ዳጣ እንበላለን። "ብላ እንጂ፣ ዶክተር!" ይሉኛል። ዶክተርም ወንድም አልነበርኩም፤ አማርኛቸው እንደዚያ ነው። በዚያ ከተማ ብላ ያለኝ ሌላ ሰው አልነበረም።

ክረምት ላይ ሁምቦ ያለች እህታቸው ሞተች። ተተኪ ስለሌላቸው ቢሮው ፈቃድ እንደማይሰጣቸው ስለገባኝ፣ "ይሂዱ፣ ሥራውን እኔ እሸፍናለሁ፤ ለማንም አንናገርም" አልኳቸው። እጄን ይዘው አለቀሱ። ሲወጡ አንድ ነገር ብቻ አደራ አሉኝ፦ "ንጹሑን መጀመሪያ ግባ። ቦቲ ቀይር።"

ሳምንቱን ሙሉ ዘነበ። መቀየሪያ ቦቲዎቹ የሚቀመጡበት ጥግ ውሃ ሞላው። አልቀየርኩም። የወስፋቱን በረት ፍግ በረገጥኩበት ቦቲ ንጹሑ በረት ገባሁ። አንድ ቀን ብቻ ቢሆን ኖሮ! ሰባቱንም ቀን ገባሁ። ቶሎ ጨርሼ፣ ቶሎ ታጥቤ፣ ሰው ሳያየኝ ልሂድ ብዬ ገባሁ። አላወቅኩም ልበል? ደንቡን ጽፌ በሩ ላይ የለጠፍኩት እኔ ራሴ አልነበርኩም?

ከወራት በኋላ ለሁሉም ብዙውን እንቁላል ሰጥተን አንጀቶቹን ስንከፍት፣ በንጹሑ በረት አሳማዎች ውስጥ ወስፋት ሊርመሰመስ ሲገባው ከጥቂት በቀር አልተገኘም። በየወሩ ቀድተን ያስቀመጥነውን ደማቸውን ስንመረምር ነገሩ ወጣ። ከክረምቱ ጀምሮ ወስፋት ገብቶባቸዋል፤ ሰውነታቸውም መከላከያውን አበጅቷል። የማነጻጽርበት ንጹሕ አሳማ አልነበረኝም።

አማካሪዬ ቢሮው ጠርቶ "ማነው ያበላሸው?" አለኝ።

"አቶ ዳና አንዳንዴ ቦቲ ሳይቀይሩ ይገባሉ" አልኩ።

እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም።

ወዲያው አስጠራቸው። እኔ ያልኩትን አልሰሙም፤ "በዝናቡ ሰሞን ቦቲ ሳትቀይር ገብተሃል ወይ?" ተብለው ብቻ ተጠየቁ። ያን ሰሞን እዚህ አልነበርኩም ቢሉ ይበቃ ነበር። እንዲያ ካሉ ግን የላክኋቸው እኔ መሆኔ ይታወቃል። አየት አደረጉኝና መሬት መሬት አዩ። "አጥፍቼ ይሆናል" አሉ። በዚያው ሳምንት ከሥራ ተባረሩ።

ለእኔ ሌሎች አሳማዎች ተገዙልኝ። ጥናቱን ደግሜ ሠርቼ ተመረቅኩ። ዛሬ እዚያው አስተምራለሁ። ምሳዬን ብቻዬን እበላለሁ።

አምና እውነቱን ልነግራቸው ሁምቦ ሄድኩ። አሳማ ጠባቂ ነበር እየተባሉ የሚቀጥራቸው ጠፍቶ፣ የሰው በቆሎ በጋሪ ሲያመላልሱ አገኘኋቸው። ደስታቸው! እየጎተቱ ቤት አስገቡኝ። ባለቤታቸውን በወላይትኛ ጠርተው፣ እኔም እንድሰማ በአማርኛ ደገሙት፦ "እህትህን ቅበር ብሎ የላከኝ ይሄ ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው ሊጠይቀኝ የመጣ እሱ ብቻ ነው።"

ሴትዮዋ ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ አሉ። ያኔ መናገር ነበረብኝ። ምግብ ቀረበ፤ በላሁ። አመሰገንኩ። መንገድ ድረስ ሸኙኝ፤ ተሳፍሬ ተመለስኩ።

ይቅርታ አልለምናችሁም፤ በእጃችሁ ያለ ነገር አይደለም። ልጅ ነበርሽ፣ ፈርተሽ ነው የሚለኝ ሰው አይጠፋ ይሆናል። አይበለኝ። አማካሪዬ ፊት ቆሜ ስማቸውን ስጠራ አልፈራሁም። ድምፄም አልተንቀጠቀጠም። ቀላል ነበር።