አባቴ ድህነቱን ያስመሰከረ ዕለት

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሜሮን ዩኒቨርሲቲ ልትገባ አጠገቤ ተቀምጣ ቅጽ ትሞላ ነበር። «የቤተሰብ ገቢ» የሚለው ላይ ስትደርስ ብዕሯን አቆመችና፣ «አባባ፣ የጡረታህን ልክ ልጻፈው? ትንሽ ናት ብለው እንዳይስቁብን» አለችኝ። ሳቄ መጣ። እኛ ትንሽነታችንን ለማስመስከር ምን ያህል ደጅ እንደጠናን የት ታውቃለች።

በጃንሆይ ዘመን ነው። ጎንደር ጤና ኮሌጅ እንድገባ ተመርጬ ነበር። ድሃ መሆኑ ለተመሰከረለት ተማሪ የትምህርቱን፣ የምግቡንና የመኝታውን ወጪ መንግሥት ይችልለታል ተባለ። ለዚህ ግን አባት ራሱ ጎንደር ባለው የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ሹም ፊት ቀርቦ መናገር ነበረበት። ካልሆነ ወደ እርሻው መመለሴ ነው።

መስከረም ነበር። አባቴ ከኮላ ድባ ወዲያ ካለችው መንደራችን ተነሥቶ፣ የደንቢያን ጥቁር ጭቃ አቋርጦ መጣ። ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ሳየው ክው አልሁ። ጥቁር ካባ ደርቦ፣ ኮርቻዋ ያማረ በቅሎ ይዟል። ሁለቱም የጎረቤታችን የአያ ታከለ ናቸው።

«ምነው አባዬ፣ ካባ ለብሶ ድሃ ነኝ ይባላል?»

«መንግሥት ፊት ቡትቶ ለብሼ ልቁም?» አለኝ ቆጣ ብሎ።

ያኔ በእኛ አገር ሹም ፊት የሚቀርብ ሰው ተውሶም ቢሆን ያምራል። ነውሩ ጎስቁሎ መታየት ነበር። አባቴ በርበሬ የበዛበት ዳቦ ቆሎ አፈሰልኝና እየቆረጠምን ተራችንን ጠበቅን።

ሹሙ አባቴን ሲያይ ከመቀመጫው ተነሣ። «ይቀመጡ» ብሎ ወንበር ሳበለት። ከዚያ ማመልከቻዬን አነበበና ግራ ገባው።

«እርስዎማ ምን ጎደለብዎ? ይህ እኮ ለድሃ ልጅ ነው።»

ወረፋ የሚጠብቁት የአገራችን ሰዎች ያዩታል። እኔ አንገቴን ደፋሁ፤ ነገሬ ያበቃለት መሰለኝ። አባቴ ግን ቀስ ብሎ ተነሣ፣ ካባውን አወለቀ፣ አጣጥፎ ወንበሩ ላይ አኖረው። ከሥር የለበሰው እጀ ጠባብ ክርኑ ላይ ተጥፏል።

«ካባው የጎረቤቴ ነው፣ ጌታዬ። በደጅ ያለችው በቅሎም የሱ ናት። የእኔ ይህ ልጅ ነው።»

ሹሙ ብዕሩን አነሣ። «ይቀመጡ እንጂ» አለው ደግሞ። ካባው ከወረደ በኋላም «እርስዎ» ማለቱን አልተወም፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ኮሌጁን ጨርሼ ብዙ ዓመት በየገጠሩ ጤና ጣቢያ ሠራሁ። አባቴም ይህን አይቶ ነው የሞተው። ያን ዕለት እንዳፈርሁበት ግን በሕይወት ሳለ አልነገርሁትም፤ ይቆጨኛል። መጀመሪያ የነገርሁት ለሜሮን ነው። ብዕሯን አነሣችና የጡረታዬን ልክ ሳትጨምር ሳትቀንስ አሳምራ ጻፈች።