የጤና ኬላው በር

መጀመሪያ ያየሁት ላብ ነው። ከትክል ድንጋይ ከተማ ወዲያ ባለው ቀበሌያችን እኛ ሴቶች ለጤና ኬላው ማደሻ ድንጋይ በምናመላልስበት ሰሞን፣ ጧት ስነሣ ልብሴ ይጨመቅ ነበር። ሳሉን በአቧራው አመካኘሁ።

ጤና ኬላውን ጦርነቱ ባዶ አስቀርቶታል። መድኃኒቱን ወታደሮች ወሰዱ። በሩን የነቀለው ግን የአገር ሰው ነው። እህቴ የሺ ምጥ ይዟት እዚያ ደረሰች። አዋላጅ የለም። መድኃኒት የለም። የሚዘጋ በር እንኳ የለም። ደም ፈሷት ሞተች። በሩን የወሰደውን ሳላይ ላልሞት ማልሁ።

ሳሉ ሲብስብኝ ጎንደር ሄጄ አክታዬን አስመረመርሁ። ሐኪሟ፣ «ሳንባ ነቀርሳ ነው። ስድስት ወር ክኒን ትውጫለሽ፤ አንድ ቀን አይታለፍም» አለችኝ። እዚያው ጎንደር፣ ቁስቋም ሰፈር፣ አክስቴ ቤት ተቀመጥሁ። ሪፋምፒሲን የሚባለው ክኒን ሽንቴን አቀላው። ሁዳዴ ሲገባ ክኒኑን ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገፋሁት። አስመለሰኝ። ሦስት ቀን ተውሁት። በአራተኛው ደም ተፋሁ።

ሐኪሟ አልተቆጣችም። «ጾሙን ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ። ክኒኑ የእኔ ነው» አለች። እሳቸውም ፈቀዱልኝ። ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አላጓደልሁ፤ ያስዋጠኝ ቂሜ ነው።

በአራተኛው ወር ወደ ቀዬዬ ተመልሼ፣ ድንጋይ ማንሳት ባልችልም ጭቃ ከሚያቦኩት ሴቶች ጋር እየዋልሁ፣ ግድግዳው ቆሞ በር ሲቀረው፣ አውጫጭኝ ይጠራልን አልን፤ ሌባው እስኪታወቅ አገሬው ከተቀመጠበት አይነሣም ማለት ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አያ ደሴ፣ ሳቀ።

«ምነው፣ በሽተኛዋ ዳኛ ሆነች? ሴት ከመቼ ወዲህ ነው አውጫጭኝ የምትጠራ?»

«አያ ደሴ፣ ድንጋዩን ስንሸከም ምነው ሴት ናችሁ አላልኸንሳ?» አልሁት።

ዋርካው ሥር ተቀመጥን። በሁለተኛው ቀን የአያ ደሴ የገዛ ሚስቱ ተነሣች። «በሩ የእኛ በረት ላይ ነው። በከፈትሁት ቁጥር የሺ ትታየኛለች» አለች።

ሽማግሌዎቹ በካሳ ይለቅ አሉ። እኛ ሴቶቹ እንቢ አልን። በሩን በጀርባው ተሸክሞ፣ በገበያተኛው መካከል ወደ ጤና ኬላው አመጣው። ማንም አላገዘውም። እኔም ቆሜ አየሁ።

ዘንድሮ አያ ደሴን ሳል ያዘው። ያው የእኔ በሽታ ነው። እኔ ከዳንሁ ወዲህ ጤና ኬላው ክኒን ሲዋጥ እንድከታተል መድቦኛል፤ በየጧቱ ፊቴ ቆሞ ይውጣል።

ሐኪሟንና ጭቃ ያቦኩትን ሴቶች እግዜር ይስጥልኝ። እናንተ የታመማችሁ፣ ሁለት ሳምንት ያለፈውን ሳል በአቧራ አታመካኙ፤ አክታችሁን አስመርምሩ። ክኒኑን ለጾም ብላችሁ አትግፉት። ይቅር በይው የሚሉኝ አሉ። አላልሁም። አንድ ጧት ቢቀር ግን ቤቱ ድረስ ሄጄ አመጣዋለሁ። ይዳን። ዕድሜውን ያርዝመው፤ ያን በር በየቀኑ በገዛ እጁ ይክፈት።