የታችኛው ፍራሽ

ፍራሽ ሰሪውን ሰፈሩ «ምርመራ» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት ጥጥ ነጋዴዎች ናቸው። ጥጥ ሲገዛ ከጆንያው አናት ያለውን አያምንም፤ እጁን እስከ ብብቱ ከትቶ ከሥር ይጎረጉራል። «እንዴት አደርክ?» ሲሉት እንኳ «ምነው፣ ምን ሰማህ?» የሚል ሰው ነው።

ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳው ነገር ነበር። አንድ አልጋ ቤት ብዙ ፍራሽ አዞት፣ ሠርቶ ጨርሶ፣ ወንዙ አጠገብ ባለችው ሱቁ ውስጥ እስከ ጣሪያ ከምሮታል። አልጋ ቤቱ የሚረከበው ግን ክረምቱ ከገባ በኋላ ነው። በዚህ መሀል የሰፈሩ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ የጎርፍ ካርታ ተለጠፈ። ሄዶ አየው። ሱቁ ጠቆር ባለ ሰማያዊ ተውጣለች። ሰማያዊው ግን መንገዱን ተሻግሮ የሚስቱ ወንድም በር ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሏል።

«እዚህ ጋ ውሃው ምን አይቶ ቆመ?» አላት ካርታውን የምታስረዳውን ልጅ።

«መሬቱ ከፍ ስለሚል ነው አባባ። ጎርፍ የግድ ይመጣል ማለት አይደለም። ከመጣ ግን ቀድሞ የሚገባው ጠቆር ያለው ቦታ ነው።»

«የሳለው ሰው ዘመዱ ነው እንዴ?»

ልጅቷ ሳቋን ዋጥ አደረገች።

እቤት ገብቶ ሚስቱን፣ «ወንድምሽ ሱቄ ላይ ዓይኑን ጥሏል። በቀለም ሊያስወጣኝ ነው» አላት።

«አንተ ሰውዬ! የራሱን በር ቀለም ያልቀባ ሰው ያንተን ሱቅ በካርታ ላይ ያስቀባል?»

ወንድምየው ግድግዳ ለሳኝ ነው። ወሬው ሲደርሰው፣ ለሥራው የሚይዛትን ውስጧ የሚታይ ረጅም የላስቲክ ቱቦ ውሃ ሞልቶ መጣ።

«ጋሼ፣ እኔን አትመን። በሁለቱ ጫፍ ያለው ውሃ እኩል ነው የሚቆመው። አንዱን አንተ በርህ ላይ ያዝ፣ ሌላውን እኔ በሬ ላይ እይዛለሁ። ውሃው ከመሬት ብዙ ከፍ ያለበት በር፣ እሱ ነው ዝቅ ያለው።»

ያዙ።

«እኔ ጋ ጉልበቴ ላይ ነው!» ጮኸ ለሳኙ ከማዶ።

ፍራሽ ሰሪው የራሱን ጫፍ አየ። እሱ ጋ ደረቱ ላይ ነበር።

«ቦታ እንቀያየር» አለ።

ተቀያየሩ። አሁን ደግሞ ጉልበቱ ላይ የቆመው የእሱ ነው፤ «ደረቴ ላይ ነው» ያለው ለሳኙ ነው።

«ቱቦህ ታሟል» አለ።

ሱቁ ገብቶ ክምሩን አየ። ክረምት በመጣ ቁጥር የታችኛው ፍራሽ ይረጥብበታል። የለሳኙን ልጆች ነበር የሚጠረጥረው፤ ፍራሹ ላይ እየዘለሉ ሸኑብኝ ብሎ፣ ከአምና ጀምሮ ሱቁን እንዳይረግጡ ከልክሏቸዋል። ዝናቡ ደግሞ ገና ማካፋት መጀመሩ ነው። ተንበረከከ፣ እንደ ጥጥ ጆንያ እጁን ከሥር ሰደደ። ርጥብ ነው። አሸተተው። ጭቃ ጭቃ ይላል።

ተነስቶ በሩ ላይ ወጣ።

«ና እስቲ አግዘኝ» አለው ለሳኙን።

የታችኛውን ፀሐይ እስኪያይ ለብቻው አድርገው፣ ደረቆቹን እሱ ከክምሩ እያወረደ፣ ለሳኙ እየተሸከመ፣ መንገዱን ተሻግረው ለሳኙ ቤት ከመሩ። ፍራሽ ሰሪው የከመሩበትን ክፍል በር በራሱ ቁልፍ ሊቆልፍ ሲል ልጆቹ ከበቡት።

«ጋሼ፣ እንዝለልበት?»

አንድ በአንድ አያቸው።

«ዝለሉ» አለ። «ግን መጀመሪያ ሽንት ቤት ደርሳችሁ ኑ።»